100 ቀለበት የማን ራስ ልክ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በእጅ ሥራ ዓምዳችሁ ለጀማሪ የሚሆን የሹራብ ኮፍያ አሠራር ማውጣታችሁ አስደስቶናል። ክረምት ሲገባ ጠዋትና ማታ ጆሮ የሚቆርጥ ብርድ አለ፤ በአንድ ጥቅል ክርና በሁለት መርፌ፣ ማታ ማታ እየተሠራ በሳምንት የሚያልቅ ነገር ለአንባቢ ማሳየት መልካም ሥራ ነው። ጽሑፉ ግን «100 ቀለበት ጀምሩ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ሥሩ፣ እያጠበባችሁ ዝጉ» ብሎ አለፈ። ቀለበት የሚባለው መርፌው ላይ የሚቀመጠው እያንዳንዱ የክር ዙር ነው። የክሩ ውፍረት አልተነገረም፤ የመርፌው ቁጥርም እንዲሁ። ኮፍያው ለማን ራስ እንደሆነም አልተጻፈም። ሹራብ ሥራን የምናስተምር ሰዎች ስለሆንን እንዲህ ያለው መመሪያ ምን እንደሚያስከትል እናውቀዋለን። ኮፍያው ወይ ዓይን ላይ ይወርዳል፣ ወይ አናት ላይ ይቀራል፤ የሠራው ሰውም «እጄ አይሆንም» ብሎ መርፌውን ያስቀምጣል። ጥፋቱ ግን የእጁ አይደለም።

ስሌቱ ቀላል ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ላይ 16 ቀለበት በሚያስገባ ወፍራም ክር 100 ቀለበት ተጀመረ እንበል፤ ዙሪያው 62 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል፣ ይህም ከአብዛኛው አዋቂ ራስ ይሰፋል። በዚያው 10 ሳንቲ ሜትር 22 ቀለበት በሚያስገባ ቀጭን ክር ከተጀመረ ደግሞ ዙሪያው 45 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ የአንድ ዓመት ሕፃን ራስ ያህል። ሠሪውና አሠራሩ አንድ፣ የቀለበቱ ቁጥር አንድ፣ ልዩነቱ ግን 17 ሳንቲ ሜትር! ስለዚህ ከማንኛውም ቁጥር በፊት ናሙና፣ ማለትም በዚያው ክርና መርፌ ትንሽ የሙከራ ቁራጭ፣ መሠራት አለበት። ናሙና ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሙሉ ኮፍያ ፈትቶ እንደገና መሥራት ግን ከዚያ ይበልጥ ጊዜ ይፈጃል።

ናሙናው 26 ቀለበት ተጀምሮ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እስኪደርስ ይሠራል፣ ታጥቦ ይደርቃል፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ሳይወጠር ተዘርግቶ መሐሉ ላይ በማስመሪያ 10 ሳንቲ ሜትር ይለካል። የዳሮቹ ቀለበቶች ሁልጊዜ የተዛቡ ስለሆኑ አይቆጠሩም። ግማሽ ቀለበት ካለ ግማሽ ተብሎ ይጻፍ፤ በ10 ሳንቲ ሜትር የጠፋ ግማሽ ቀለበት በ50 ሳንቲ ሜትር ላይ ሁለት ተኩል ይሆናል።

ቀጥሎ ራስ ይለካል። የልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብ በላይ፣ ከጆሮ በላይ፣ ከኋላ ጎላ ባለው የራስ ክፍል ላይ ይዞራል። የአዋቂ ራስ አብዛኛውን ጊዜ ከ54 እስከ 58 ሳንቲ ሜትር ነው። ኮፍያው ራስን ጨብጦ የሚቆመው ከራስ ሲያንስ ነውና ከልኩ 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል። 56 ለሆነ ራስ 50 ይያዛል። ናሙናው በ10 ሳንቲ ሜትር 18 ከሰጠ፣ በአንድ ሳንቲ ሜትር 1.8 ነው፤ 50 በ1.8 ሲባዛ 90። ናሙናው 20 ቢሰጥ ኖሮ መልሱ 100 ይሆን ነበር፤ የዓምዳችሁ 100 ከዚህ የመጣ ይመስለናል። እንዲያ ከሆነ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ የጎደለው ከእሱ ጋር መጻፍ የነበረበት 20 ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በ18 ቀለበት የተሰላ ነው።

ክሩ መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ 100 ግራሙ 200 ሜትር ገደማ የሚሆን ይሁን። አንድ ጥቅል ለአንድ የአዋቂ ኮፍያ በቂ ነው፣ እንዲያውም ይተርፋል። መርካቶም ሆነ ሌላ ገበያ ላይ ወረቀቱ የወደቀበት ክር መግዛት የተለመደ ነው። እንዲህ ሲያጋጥም ክሩን ማስመሪያ ላይ ሳያጠብቁ፣ ጎን ለጎን እያስጠጉ ማዞር ነው፤ በ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ከ18 እስከ 20 ዙር ከገባ የምንለው ውፍረት ነው። ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ደግሞ የጣት ያህል ክር ቆርጦ፣ በመቆንጠጫ ይዞ፣ ውኃ ያለበት ሳህን ላይ መለኮስ ይበቃል። የበግ ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። አክሪሊክ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይተዋል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል። ለጀማሪ ሱፍ ወይም አክሪሊክ ይሻላል፤ ጥጥ ተለጥጦ ስለማይመለስ የኮፍያው ጠርዝ በጥቂት ቀን ይላላል።

የመንዝ በግ ጸጉር በእንዝርት ተፈትሎ ባና (ወፍራም ብርድ ልብስ) እና በርኖስ (ካባ) ሲሠራበት የኖረ፣ ሙቀቱ የማይጠረጠር ነው። ሆኖም ሻካራ ነው፣ ውፍረቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ግንባር ላይ ያሳክካል። በእሱ መሥራት የሚወድ ሰው ጠርዙን በውስጥ በኩል ለስላሳ ጨርቅ ቢያለብሰው ጥሩ ነው። ለመጀመሪያ ኮፍያ ግን እኩል የተፈተለ ክር ይመረጥ። ጥቁር ክር ደግሞ አይገዛ። ቀለበቶቹ አይታዩምና ስህተት የሚገኘው ከአሥር ረድፍ በኋላ ነው። ጸጉራም ክርም ሲፈታ ይያያዛል። ግራጫ፣ ክሬም፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ የሆነ ልሙጥ ክር እያንዳንዱን ቀለበት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

መርፌው 5 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው ወይም ከእናት የተወረሰ መርፌ ራስ ላይ «8» ተጽፎ ይገኛል። በአሜሪካ ቁጥር 8 ማለት 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በቀድሞው የእንግሊዝ ቁጥር 8 ማለት 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሜትሪክ ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ራሱ ነው። ቀድሞ የእንግሊዝ ቁጥር 6 የነበረው ነው ከ5 ሚሊ ሜትር ጋር የሚስተካከለው። ስለዚህ ቁጥሩን አይቶ ከማመን ውፍረቱን በሚሊ ሜትር መለካት፣ ካልተቻለም ናሙናውን ማመን ነው። ናሙናው ከ18 በላይ ከሰጠ አንድ ደረጃ ወፈር ያለ መርፌ፣ ከ18 በታች ከሰጠ ቀጠን ያለ ይወሰድ። እጅን እያጠበቁ ወይም እያላሉ ልክ ለማምጣት መሞከር አይሆንም፤ ሁለት ረድፍ እንኳ ሳይሄድ እጅ ወደ ልማዱ ይመለሳል።

ለ56 ሳንቲ ሜትር ራስ 90 ቀለበት ይጀመራል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት በሚጠለፈው አጀማመር ከክሩ ጫፍ 1 ሜትር ከ80 ያህል መተው ያስፈልጋል፤ ያነሰ ከተተወ 80ኛው ቀለበት ላይ ክር ያልቅና ሁሉም ይፈታል። የጀማሪ ትልቁ ችግር ጠርዙን ማጥበቅ ነው። ኮፍያው ይለበሳል፣ ነገር ግን ግንባር ላይ ቀይ መስመር ያወጣል። ብዙ ሰው መፍትሔው ሁለት መርፌ ደርቦ መጀመር ነው ይላል። ይህ ቀለበቶቹን ያተልቃቸዋል እንጂ ጠርዙን እምብዛም አያላላም። የሚለጠጠው በአንዱ ቀለበትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ክር ነው፤ አዲሱን ቀለበት ሲያጠብቁ ከቀዳሚው የስንዴ ፍሬ ያህል ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው ቁምነገሩ።

ሹራብ ሥራ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ክሩ ከሥራው ኋላ ሆኖ፣ መርፌው ከፊት ወደ ኋላ ገብቶ አዲስ ቀለበት ሲያወጣ ቀጥታ እንበለው። ክሩ ከሥራው ፊት ሆኖ፣ መርፌው ከኋላ ወደ ፊት ሲወጣ ግልብጥ ነው። ቀጥታው ፊት ለፊት ሲታይ በስንዴ ዛላ ላይ ግራና ቀኝ እንደተጋደሙ ፍሬዎች ነው፤ ግልብጡ ሽምብራ የመሰለ ጉብታ ነው። ይህን መልክ ዓይን ከለመደ በቃል መቁጠር አያስፈልግም። ሥራው ተቋርጦ ሲመለሱበት ስንዴው ላይ ቀጥታ፣ ሽምብራው ላይ ግልብጥ መሥራት ነው።

ጠርዙ ሁለት ቀጥታ ሁለት ግልብጥ እየተባለ፣ በሁለት ቀጥታ ተጀምሮ በሁለት ቀጥታ ይጨረሳል። የኋላው ረድፍ በሁለት ግልብጥ ይጀምርና የሚታየውን እየተከተለ ይሄዳል። ያለዚህ ጠርዝ ኮፍያው ከታች ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ቀጥታና ግልብጥ ሲፈራረቁ ግን አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ስለሚስብ ጨርቁ ይስተካከላል፣ እንደ ላስቲክም ይለጠጣል። ለማይታጠፍ ጠርዝ 6 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ጆሮን በእጥፍ የሚሸፍን ከተፈለገ 12 ሳንቲ ሜትር ተሠርቶ ወደ ላይ ይታጠፋል።

ከቀጥታ ወደ ግልብጥ ሲኬድ ክሩ በሁለቱ መርፌዎች መካከል ወደ ፊት መምጣት አለበት። በመርፌው ላይ ዞሮ ከመጣ አዲስ ቀለበት ይፈጠራል፣ ከሥሩም ቀዳዳ ይቀራል። 90 የነበረው 93፣ ከዚያም 97 ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሰበቡ ይህ ነው። ሌላው ሰበብ የረድፉ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ክሩ ወደ ላይ ተጎትቶ በመርፌው ላይ ሲያልፍ የመጀመሪያው ቀለበት ሁለት እግር ያወጣና ሁለት ቀለበት ይመስላል። ጀማሪው ሁለቱንም ይሠራቸዋል። አዲስ ረድፍ ከመጀመሩ በፊት ክሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ መቀመጡን ማየት ይበቃል። ቀለበት እየቀነሰ ከሆነ ደግሞ ወይ ሁለቱ በአንድነት ተሠርተዋል፣ ወይ አንዱ ከመርፌ ወድቋል። የወደቀው ታች ድረስ እንደ መሰላል ይተረተራል፤ አያስደነግጥም። በኪሮሽ ቀለበቱን ይዞ፣ የመሰላሉን እርከን አንድ በአንድ ከፊት በኩል እየሳቡ ወደ መርፌው መመለስ ይቻላል። በየአራት ረድፉ መቁጠር ይህን ሁሉ በጊዜ ያሳያል።

አንዳንዴ ደግሞ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሥራው ጠንካራና የማይለጠጥ ይሆናል። ቀለበት መርፌ ላይ የሚቀመጠው አንድ እግሩን ፊት፣ አንዱን ኋላ አድርጎ ነው። መርፌው በፊተኛው እግር መግባት ሲገባው በኋለኛው ከገባ ቀለበቱ አንገቱ ላይ ይጠማዘዛል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ሁለቱ እግሮች ከሥር ተሻግረው ይታያሉ። ከወደቀ በኋላ ተመልሶ የተነሣ ቀለበት በተለይ እንዲህ ይሆናል።

ከጠርዙ በኋላ ልሙጡ ይመጣል፦ ፊቱ በሙሉ ቀጥታ፣ ጀርባው በሙሉ ግልብጥ። ከመጀመሪያው አንሥቶ 13 ሳንቲ ሜትር እስኪሞላ ይቀጥላል፤ ጠርዙ ታጣፊ ከሆነ 19። ሲለካ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ፣ መርፌው ላይ ተንጠልጥሎ ከተለካ ይዋሻል። ሥራ የሚቆመው ሁልጊዜ በረድፍ መጨረሻ ነው። መሐል ላይ ከተተወ ሲመለሱ ወደየት እንደሚኬድ ይጠፋና ወደ ኋላ ይሠራል፤ አንዱ ጎን ከሌላው በሁለት ረድፍ ይበልጣል።

አናቱን ማጥበብ ብዙዎች የሚፈሩት ክፍል ነው፤ ነገር ግን ከመደመርና መቀነስ አያልፍም። ከ90ው ሁለቱ የዳር ቀለበቶች ለስፌት ይቀመጣሉ። 88ቱ ለስምንት ሲካፈሉ 11 ይደርሳል። በፊት ረድፍ አንድ ቀጥታ፣ ከዚያ «9 ቀጥታ፣ ሁለቱን በአንድነት» ስምንት ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቀጥታ፤ 82 ይቀራል። ጀርባው በሙሉ ግልብጥ። በሚቀጥለው የፊት ረድፍ 9ኙ 8 ይሆናል፤ 74። እንዲህ በየፊት ረድፉ ስምንት እየቀነሰ 66፣ 58፣ 50፣ 42፣ 34፣ 26፣ 18 ይደርሳል። ጀርባው አንድ ጊዜ በግልብጥ ከተሠራ በኋላ በመጨረሻው የፊት ረድፍ ሁለት ሁለቱ በአንድነት ተሠርተው 9 ቀለበት ይቀራል። ከእነዚህ ቁጥሮች ሌላ ከመጣ ስህተቱ ያለው በዚያው ረድፍ ነውና ወዲያው ፈትቶ ማስተካከል ነው። ጠቅላላው ማጥበብ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወስዳል። በየረድፉ ከተቀነሰ አናቱ ይሸበሸባል፤ በየአራት ረድፉ ከተቀነሰ ሹል ይወጣል።

ክሩ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ይቆረጣል፣ በጆንያ መርፌ በ9ኙ ቀለበቶች ውስጥ ሁለት ጊዜ ያልፍና ይጠበቃል። በዚያው ክር ጎኑ ይሰፋል። ስፌቱ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይሁን፦ ከዳሩ ቀለበት ቀጥሎ ያለውን ትንሽ አግድም ክር ከአንዱ ጎን አንድ፣ ከሌላው ጎን አንድ እያነሡ፣ በየሦስት ሳንቲ ሜትሩ ሳብ ማድረግ። የዳር ቀለበቶቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ጠርዙ ላይ ሁለቱ ቀጥታዎች ተገናኝተው ስፌቱ ይጠፋል። ገልብጦ በተራ ስፌት መስፋት ግን ግንባር ላይ የሚጎረብጥ ወፍራም መስመር ያወጣል።

ኬብል ባለው ክብ መርፌ ስፌት የሌለው ኮፍያ ይሠራል፤ ለሁለተኛው ኮፍያ ይቆይ። መጀመሪያውን ከመጨረሻው ሲያገናኙ ረድፉ አንድ ጊዜ ከተጠማዘዘ ከመፍታት በቀር መድኃኒት የለውም።

የልጅ ኮፍያ ለሚሠሩ ደግሞ፣ የመነሻው ቁጥር ለስምንት ተካፍሎ ሁለት የሚተርፍ ይሁን፤ ያን ጊዜ ጠርዙም አናቱም ይገጥማል። በዚሁ 18 ቀለበት ለአንድ ዓመት ሕፃን 74 ተጀምሮ ከማጥበብ በፊት 10 ሳንቲ ሜትር፣ ለአምስት ዓመት ልጅ 82 ተጀምሮ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ራሱ 60 ለሚደርስ ሰው 98 ተጀምሮ 14 ሳንቲ ሜትር ይሠራል። ለሕፃን ኮፍያ ማሰሪያ ገመድ አይደረግ፤ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ተኝቶም አይለበስ።

አጣጠቡ ላይ ጽሑፋችሁ «በሙቅ ውኃ ታጥቦ ይተኮስ» ማለቱ መታረም አለበት። ሱፍ በሙቅ ውኃ ከታሸ ይጨማተርና ወደ ወፍራም ትንሽ ጨርቅ ይለወጣል፣ ተመልሶም አይለጠጥም። አክሪሊክ ደግሞ የካውያ ሙቀት ሲነካው ይሞታል፤ ጠርዙ ላስቲክነቱን አጥቶ ይዘረጋል። ሁለቱም ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና ተነክረው፣ ሳይታሹና ሳይጠመዘዙ በፎጣ ተጠቅልለው ይጨመቁ፣ ጥላ ላይ ተዘርግተው ይድረቁ። ገመድ ላይ የተሰቀለ እርጥብ ኮፍያ በራሱ ክብደት ይረዝማል።

የምንጠይቀው በሚቀጥለው እትም እርማት እንዲወጣ፣ ከዚህ በኋላም በዓምዱ የሚወጣ ማንኛውም የሹራብ አሠራር ከላዩ ሦስት መስመር እንዲጻፍበት ነው፦ የክሩ ክብደትና ርዝመት በግራምና በሜትር፣ መርፌው በሚሊ ሜትር፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለው የቀለበትና የረድፍ ብዛት። በዚህ ደብዳቤ ላለው ኮፍያ መስመሮቹ 100 ግራም በ200 ሜትር፣ 5 ሚሊ ሜትር፣ 18 ቀለበትና 24 ረድፍ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
የሹራብ ሥራ አስተማሪዎች፣ ከአዲስ አበባ